ጋሽ አምዴ የሚያቋርጧቸው ታሪኮች

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ጅማ ውስጥ ከመንደራ ቆጪ ወደ ቦሳ አዲስ በባጃጅ ስመለስ፣ ሬዲዮው የጀርመኑ ግንብ የፈረሰበት ቀን ታስቦ ይውላል እያለ ያወራል። ሹፌሩ እጁን ሰዶ ወደ ዘፈን ሊቀይረው ሲል "ተው፣ ባለበት ይሁን" አልኩት። በመስታወቱ አየኝና "ማዘር፣ ጀርመን ዘመድ አለዎት እንዴ?" አለኝ። የለኝም። ጀርመንን የማውቃት ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ሰፌድ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። ይህን ብነግረው አይገባውም፤ ደግሞስ ለማላውቀው ሹፌር ስለ ራሴ ምን አስለፈለፈኝ? "አዎ፣ የአጎቴ ልጅ አለ" ብዬ አፉን አስያዝኩት። መንገድ ዳር ሸራ ላይ ቡና ተሰጥቶ ነበርና ያ የእርጥብ ገለፈት ሽታ ገባ። ሬዲዮው ስለ መሪዎቹ፣ ስለ ታላላቆቹ ሰዎች ሲያወራ ቆይቶ ወደ ማስታወቂያ አለፈ። በግንቡ በር ላይ ስለ ቆመው ዘበኛ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያኔ መጋዘን ውስጥ ታሪክ ይነግሩን የነበሩት ጋሽ አምዴ ቢሆኑ ከዘበኛው ነበር የሚጀምሩት።

ሰው ሁሉ ብርቄ ተጠራጣሪ ናት ይለኛል። ልክ ናቸው። ግማሽ ዕድሜዬን ቡና ስለቅም የኖርኩ ሴት ነኝ። ለቀማ ማለት ለማያውቀው፣ ቡናው ሰፌድ ላይ ይዘረጋል፤ ደህናውን ፍሬ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዓይን የሚፈልገው ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የተሰነጠቀውን ነው። ጠዋት አንገትሽን የደፋሽ ማታ ነው ቀና የምትይው። ይህን ስትሠራ የኖረች ሴት ዓይኗ ሌላ ነገር አላይ ይላታል። ዛሬም ወተት ሲመጣልኝ ሳላሸት አልቀበልም፤ የሚስቅልኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ምን ፈልጎ ይሆን እላለሁ። በዚህ የተቀየመኝ ብዙ ነው፤ ይቀየም። እኔ በጠባዬ አላፍርም።

ያ ዘመን ደግሞ ያልጠረጠረ ሰው ቂል የሚባልበት ነበር። መንግሥት ተለውጧል፣ አዲሶቹ ገብተዋል፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዓመቱን ጥሩ ብትሉኝ እሳሳታለሁ፤ ሻይ በስሙኒ ይጠጣ እንደነበር ግን አልሳሳትም። ከፖስታ ቤቱ ማዶ ያለችው ሻይ ቤት የምትሸጠው ቦምቦሊኖ የልጅ ጭንቅላት ያህል ነበር፤ የዛሬውን አይቼ ማዘኔን ትቻለሁ። ሰልባጅ ልብስ ከተማውን ያጥለቀለቀው ያኔ ነው። ትከሻው ስፖንጅ ያለበት የፈረንጅ ሴት ኮት ገዝቼ በነጠላ ላይ ስደርበው "ብርቄ ሹም ሆነች" ብለው ሳቁብኝ። ሻይ ቤቷ አንድ ካሴት ብቻ ስለነበራት ክሩ ከመለጠጡ የተነሳ ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስል ነበር፤ እኛ ግን ከነእንቅልፉ ለምደነው አብረን እናዜመው ነበር። ይህን ሁሉ ደስታ እያየን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው። ታክሲ ውስጥ ስለ ዝናብ እንኳ ስናወራ ዞር ብለን ከኋላ ማን እንደተቀመጠ እናይ ነበር።

እኔ ከሌላው ይበልጥ የምጠነቀቅበት ምክንያት ነበረኝ። መንደራ ቆጪ በተከራየኋት ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ተደብቆ ነበር። ደምሴ የድሮው ሠራዊት ወታደር ነው። ጦሩ ሲበተን ከሰሜን ተነስቶ ገሚሱን በእግሩ፣ ገሚሱን በጭነት መኪና ጅማ ደረሰ። በሩን ስከፍትለት አላወቅሁትም፤ "እቴ፣ እኔ ነኝ" ሲለኝ በድምፁ ነው የለየሁት። ከዚያ ወታደር የነበረ ሁሉ ቀርቦ ይመዝገብ ተባለ። የሄዱም ነበሩ። ከሄዱት ውስጥ የሠፈራችን ልጅ ወሬው ጠፋ፤ እናቱ የሚሉት ካምፕ ነው ያለው፣ ጎረቤት የሚለው ሌላ ነው። እኔ ጎረቤቱን አመንኩና ደምሴን አትሄድም አልኩት። እሱም መሄድ አልፈለገም። እንዲህ እያለ ክረምቱ አለፈ፣ ቡናው ደረሰ። ወንድሜ ሰው ሲመጣ ሳሉን በትራስ አፍኖ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ያላየ ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቷል። ሲጋራ ብቻ አትከልክይኝ ስለሚለኝ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ከኪዮስኩ በፍሬ እገዛለታለሁ።

ጋሽ አምዴ ወደ መጋዘናችን የመጡት በዚያው የቡና ወቅት ነው። ሚዛን ላይ ይሠሩ የነበሩት ሽማግሌ ታመው ቀሩና በእሳቸው ቦታ አንድ ቀን ጠዋት ረጅም፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ካኪ ካፖርት የለበሱ ሰው ቆመው አገኘን። ዘመድ የላቸውም፣ ዕድር የላቸውም፣ አገራቸውን ሲጠየቁ "ሸዋ" ብለው ያልፋሉ። ሸዋ ደግሞ ስንት ነገር ነው! አጠገቤ የምትቀመጠው አዴ ከዲጃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ማሎ ብርቄ፣ ይኼ ሰው መዛኝ አይመስልም። እጁን እይ፣ ዋላሂ ጆንያ ይዞ አያውቅም" አለችኝ። አዴ ከዲጃ የአጋሮ ሰው ናት፣ ቡና ውስጥ ተወልዳ ቡና ውስጥ ያረጀች፤ ሰውን በእጁ ነው የምትለየው። "ጆሮ ጠቢ ይሆናል" አልኳት። "ኤዬ፣ እሱ ነው" አለችና ሁለታችንም ወደ ሰፌዳችን ተመለስን።

የመጋዘኑ ሬዲዮ ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ሙቀትና የፍሬው ድምፅ፣ ያ ሽ ሽ የሚለው፣ ሴቶቹን እያስተኛ ሥራው ይበላሻል። አንድ ቀን ታዲያ ጋሽ አምዴ ከሚዛኑ አጠገብ ሆነው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "አንድ ሹፌር ነበር" ብለው ጀመሩ። የውጭ አገር ልዑልና ሚስቱን የያዘ ሹፌር መንገድ ተሳስቶ ይታጠፋል፤ መሳሳቱን ሲነግሩት ወደ ኋላ ሊመልስ መኪናውን ያቆማል። ያቆመበት ቦታ ላይ ደግሞ ያንኑ ልዑል ሊገድል ሽጉጥ የታጠቀ ጎረምሳ ቆሟል። ዓለም በሙሉ የተዋጋበት የመጀመሪያው ጦርነት ከዚያች መታጠፊያ ተነሳ አሉን። "ልዑሉን ሁሉም ያውቀዋል። ሹፌሩ ግን ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ብሎ ተኛ?" ሲሉ እንቅልፍ የያዛት አንዲት ሴት አልነበረችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ታሪክ የሌለበት ከሰዓት አልነበረንም። እኛ አንገታችንን ደፍተን እንለቅማለን፣ እሳቸው ይናገራሉ፤ ፊታቸውን ሳናይ ድምፃቸውን ብቻ ነበር የምናውቀው። አንድ ብልሃትም ነበራቸው፤ ታሪኩን ልክ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርስ የመውጫ ሰዓት ሆነ ብለው ያቋርጡታል። ሴቶቹ እየተራገሙ ይወጣሉ፤ ጠዋት ግን የሚያረፍድ የለም። ካቦው በዚህ ተደስቶ ዝም አላቸው።

እኔ ግን ታሪኩንም እንደ ቡናው ነበር የምለቅመው። የፈረንሳይ ንጉሥ በአብዮቱ ጊዜ እንደ አሽከር ለብሶ ከነቤተሰቡ በሠረገላ ሲሸሽ፣ አንድ የፈረስ መለወጫ ጣቢያ ሹም መልኩን ከገንዘብ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አስተያይቶ እንዳስያዘው ሲነግሩን፣ ሌሎቹ "ወይ ጉድ!" ሲሉ እኔ ዓይኔን ከሰፌዴ አላነሳሁም። የተደበቀ ሰው ስለተያዘበት ታሪክ ለእኛ መንገር ለምን አስፈለገ? የጀርመኑ ግንብም እንደዚሁ። አንድ ባለሥልጣን ሕዝቡ ወደ ማዶ መሻገር ይችላል የሚል፣ በደንብ ያላነበበውን ወረቀት ለጋዜጠኞች ሲያነብ "ከመቼ ጀምሮ?" ቢሉት፣ ግራ ገብቶት "ከአሁን" አለ። ሕዝቡም ግልብጥ ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ያለው የዘበኞች ሹም አለቆቹን ቢጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው አጣ፣ በመጨረሻ በራሱ ከፈተው። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እኔ ማን እንዳጨበጨበ ሊያዩ ነው ብዬ እጄን ሰፌዱ ላይ አሳረፍኩ። ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ የለቀምነውን ሲመረምሩ የሌላዋን ይመልሳሉ፣ የእኔን መልሰውብኝ አያውቁም። ሴቶቹ "ሊያገባሽ ነው" ብለው ይስቃሉ። እኔ ሊያለማምደኝ ነው አልኩ።

ጥርጣሬዬ የተረጋገጠ የመሰለኝ በኪዮስኩ ነው። ሁለት ሲጋራ ተቀብዬ ዞር ስል ጋሽ አምዴ ከኋላዬ ቆመዋል።

"ብርቄ፣ ታጨሻለሽ እንዴ?" አሉኝ።

"ለጥርስ ሕመም ነው ጋሼ" አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

"አይዞሽ፣ ይሻልሻል" ብለው ሄዱ። እየሄዱ ግን ዞረው የኔን ሠፈር አቅጣጫ አዩ። ያን ምሽት በጓሮ ዞሬ ነው ቤቴ የገባሁት።

ብዙም ሳይቆይ የጃፓኑን ወታደር ታሪክ ጀመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ወታደር ሩቅ ደሴት ላይ ጫካ ገብቶ እንዲዋጋ ታዘዘ። ጦርነቱ አለቀ፣ አገሩ ተሸነፈች፣ እሱ ግን ጫካ ነው። ከአውሮፕላን ወረቀት ይጥሉለታል፤ አንብቦ ወጥመድ ነው ይላል። ጋዜጣ ይተዉለታል፤ ጠላት ያሳተመው ነው ይላል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ሴቶቹ "እህእ" ይላሉ። "በኋላ ወንድሙን አመጡት" አሉ ጋሽ አምዴ። "ወንድምየው ጫካው ዳር ቆሞ በድምፅ ማጉያ ጠራው። ልጆች ሆነው የሚዘፍኑትን ዘፈነለት። ወታደሩም ቅጠል ውስጥ ተኝቶ ሰማው። ሰማው፣ ግን..." ብለው ሰዓታቸውን አዩና "በሉ፣ የመውጫ ሰዓት ነው" አሉ። ቀና ስል ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። እጄ ሥራ አቁሞ ነበር። በዚያ መጋዘን የሴት እጅ አይቆምም፤ የእኔ መቆሙን አዩት።

ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። "ታውቀሃል!" አልኩት ደምሴን በሩን ሳልዘጋ። ቀሪውንም በሹክሹክታ ነገርኩት፤ ሲጋራውን፣ ካኪ ካፖርቱን፣ የጃፓኑን ወታደር ከመጀመሪያው እስከ ድምፅ ማጉያው። ነገ ወደ ጌራ የሚሄድ የቡና መኪና አለ፣ ሹፌሩን አዴ ከዲጃ ታውቀዋለች፣ እዚያ ጫካ የአክስታችን ልጅ ቡና ጠባቂ ነው፣ ትሄዳለህ አልኩት። ደምሴ መጋረጃውን ይዞ ቆሞ ሲያዳምጠኝ ቆየ።

"ከዚያስ?" አለኝ።

"ከዚያማ ጌራ ትደርሳለህ።"

"እሱን አይደለም። ወንድሙ ሲዘፍንለት፣ ከዚያስ? ወጣ?"

"ምን አውቄ! አቋረጡት። ነገ ነው የሚጨርሱት።"

"እቴ፣ እኔ ጌራ ብገባ ማን መጥቶ ነው የሚጠራኝ?" አለኝ። ነፍስህን ላድን ስል አንተ ተረት ታስጨርሰኛለህ ብዬ ጮህኩበት፤ ከዚያ በቀስታ መጮህ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። ጠዋት አባታችን የተዉትን ኮት አልብሼ፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ መኪናው እኩለ ቀን ላይ ከኋላ መንገድ እንደሚጠብቀው ነግሬው ወደ ሥራ ሄድኩ። ብቀር ይጠረጥሩኛልና መቅረት አልቻልኩም።

ያን ቀን ጋሽ አምዴ ሳይጀምሩ ቆዩ። አዴ ከዲጃ "ማሎ፣ የጃፓኑ ሰውዬ! ሌሊቱን አስለቅሶኛል" አለቻቸው። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ በሩ ላይ ብርሃኑን የሚጋርድ ሰው ቆመ። የአባቴን ኮት ነው መጀመሪያ ያወቅሁት። ደምሴ ከብርሃን የተነሳ ዓይኑን እያርገበገበ ገባ፤ አንድ ሴት፣ ከዚያ ሌላዋ እጇን አቆመችና ያ የፍሬው ድምፅ ቀረ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ደምሴ። "የብርቄ ወንድም ነኝ። የጃፓኑን ወታደር መጨረሻ ልሰማ ነው የመጣሁት። እህቴ ግማሹን ነው የነገረችኝ።"

ጋሽ አምዴ ከተቀመጡበት ጆንያ ተነሱ። ለሰው ሲነሱ ያየሁት ያኔ ነው። ደምሴን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩትና "አላመነውም" አሉ። "የወንድሙን ድምፅ አስመስለው ነው ብሎ ቅጠሉ ውስጥ ቀረ። በመጨረሻ የድሮ አዛዡን ፈልገው አገኙት። አዛዡ ጦርነቱን ትቶ መጽሐፍ ሻጭ ሆኖ ነበር። ጫካው ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት ቆመና፣ ትዕዛዙ ተነስቷል፣ አብቅቷል አለው። ያኔ ነው መሣሪያውን ያስቀመጠው።"

"እኔን ታዲያ ማን ይነግረኛል?" አለ ወንድሜ።

ጋሽ አምዴ ካፖርታቸውን ቆለፉ። "እኔ እነግርሃለሁ" አሉ። "እኔም ገብቼ ወጥቻለሁ። መዝግበው ይለቁሃል። ና፣ አብሬህ እሄዳለሁ።"

ሰፌዱ ከጭኔ ወድቆ ቡናው ሲፈስ ትዝ ይለኛል። ተከትያቸው ሮጥኩ። በዋናው መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንድሜ ስንት ወር ያላየውን ከተማ እያየ ይሄዳል፤ እኔ ከኋላ እሳቸውን እየሰደብኩ። ሸጡት፣ ሊሸጡት ነው፣ ምን ከፈሉዎት፣ ያላልኩት የለም። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ምዝገባው ያለበት ግቢ በር ላይ ስንደርስ ካፖርታቸውን ያዝኩ። "ጋሼ፣ ወንድሜ ከዚህ ካልወጣ እኔ እርስዎን አልለቅም" አልኳቸው።

እጄን ቀስ ብለው አላቀቁት። "ጠርጥሪ ብርቄ። የሚጠረጥር ሰው ደጅ ላይ ያስፈልጋል። እዚሁ ቁሚ" አሉኝ። ገቡ።

ቆምኩ። ከሰዓቱ ዝናብ መጣ፣ አለፈ። አዴ ከዲጃ ሥራዋን ጥላ መጥታ አጠገቤ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እያለች ተቀመጠች። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ደምሴ ብቻውን ወጣ። አገላብጬ ስመው፣ ስዳብሰው፣ የተነካ ቦታ እንዳለው ስፈልግ ቆየሁና "ሰውየውስ?" አልኩት።

"ቀሩ።"

"አላልኩህም? የነሱ ሰው ናቸው! ቤታቸው ነው፣ ምን ያስወጣቸዋል?"

ደምሴ መንገዱ ዳር ተቀመጠና አለቀሰ። ከሰሜን ሲመጣ እንኳ አላለቀሰም ነበር። "ስሜን ጻፉ፣ ክፍሌን ጠየቁኝ፣ ተራ ወታደር ነህ ሂድ አሉኝ" አለ። "ከዚያ መዝጋቢው ቀና ብሎ፣ አንተስ ሽማግሌ አላቸው። ልሸኘው ነው የመጣሁት ማለት ይችሉ ነበር፣ እቴ። አብረን እንወጣ ነበር። ቀጥ ብለው ቆሙና ስማቸውን ተናገሩ፤ አምዴ አይደለም ስማቸው። ከስማቸው በፊት ኮሎኔል አሉ።"

"ገብቼ ወጥቻለሁ አላሉህም?"

"ገብተው አያውቁም ነበር። ዛሬ ገና መግባታቸው ነው።"

ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በቅጡ መናገር አልችልም። የሆነ ነገር ይደብቃሉ ያልኩት ትክክል ነበር፤ የሚደብቁት ግን እንደ ደምሴ ራሳቸውን ነበር። በነጋታው ምሳ ቋጥሬ እዚያው በር ሄድኩ፤ ወደ ሌላ ቦታ ተወስደዋል አሉኝ። የት? አይታወቅም። ደጋግሜ ሄድኩ፤ በመጨረሻ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አልመጣም አሉኝ። በዓይኔ ሲገቡ ያየኋቸውን ሰው! ሚዛኑ ላይ ሌላ መዛኝ ተቀጠረ፣ ሬዲዮውም ተሠራ፤ ሴቶቹ ግን ከሰዓት ሲሆን ዝጉት ይሉ ነበር። ደምሴ የቡና መኪና ሹፌር ሆነ፣ አጋሮ አግብቶ ወልዶ ይኖራል። በሄደበት ሁሉ እየጠየቀ ስንት ወሬ አመጣልኝ። አንዱ መርካቶ ውስጥ መጽሐፍ ሲሸጡ አየኋቸው ይላል፤ ሌላው ውጭ አገር ናቸው ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ አንድ የጦሩ ሰው ነበርኩ ባይ ከሊሙ መጥቶ፣ እስር ቤት ታመው ሞቱ አለኝ። ቡና አቅርቤ ጠየቅሁት። አይተሃል? አላየሁም። ማን ገነዛቸው? አላውቅም። የት ተቀበሩ? ሰማሁ ነው እንጂ። አዴ ከዲጃ፣ አሁን ዓይኗ ፈዟል፣ ምርኩዝ ይዛ መጣችና "ብርቄ፣ ጎረቤት እንጥራ፣ እናልቅስላቸው እንጂ፣ ሐራም ነው እንዲህ መተው" አለችኝ። ደምሴም ከአጋሮ ጥቁር ለብሶ ደረሰ። ሁለቱንም መለስኳቸው። እኔ ሰው የነገረኝን ሁሉ የማምን ሴት አይደለሁም። እስካሁን ለቅሶ አልተቀመጥኩም።